ታወር አጠገብ ድሮን ቦታው ሲጠፋበት፦ ከዝግጅት እስከ ማሳረፍ ዝርዝር መመሪያ

የኔትወርክ ታወር ወይም የከፍተኛ ኃይል መስመር ምሰሶ የሚፈትሽ አብራሪ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህን ያያል። ሜዳ ላይ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ የነበረው ድሮን ብረቱን ሲጠጋ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ የሳተላይቱ ቁጥር ከ20 ወደ 11 ይወርዳል፤ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ድሮኑ ማንም ሳያዘው ክብ መሥራት ይጀምራል። ከበረራ በኋላ የሚባለው ነገር አንድ ነው፦ «ጂፒኤሱ አስቸገረ»።

ይህ አባባል ለሥራ አይረዳም። ታወር አጠገብ ድሮንን የሚያስቱት ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ መላቸውም ለየቅል ነው። ኮምፓሱ ተዛብቶ ሳለ ሳተላይት እስኪበዛለት የሚጠብቅ ሰው ባትሪውን ይጨርሳል። ሰማዩ ተሸፍኖበት ሳለ ኮምፓስ ካሊብሬት የሚያደርግ፣ ማለትም አዲስ ልኬት የሚያስይዘው፣ ደግሞ ደህና የነበረውን ያበላሻል። ስለዚህ ከምክንያቱ እንጀምራለን። ቸኩላችሁ ወደ ታች ብትወርዱም አልቀየምም፤ ብቻ ወደ መነሻ ስለመመለሻው፣ ማለትም ስለ አርቲኤች የጻፍኩትን ሳታነቡ ድሮን አታስነሱ።

ችግሩ የትኛው ነው?

የመጀመሪያው የተሸፈነ ሰማይ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራሉ። የዛሬ ድሮኖች በዚያ ላይ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ እና የቻይናውን ቤይዱ ስለሚቀበሉ የቁጥር እጥረት እምብዛም የለም። ታወር አጠገብ የሚጎዳው አቀማመጣቸው ነው። ድሮኑ ከአንድ ግዙፍ ነገር ጋር ተለጥፎ ሲቆም የሚያያቸው ሳተላይቶች ሁሉ በአንድ ወገን ይሰበሰባሉ፤ ያኔ 12 ሳተላይት ይዞም ቦታውን በትክክል ማስላት ያቅተዋል። ይህን የሚለካው ኤችዶፕ የሚባለው ቁጥር ነው። ከ1 በታች ሲሆን ጥሩ፣ 2ን ሲያልፍ ደግሞ ራቅ ማለት ይሻላል። ባለ ፍርግርግ ብረት ታወር ሰማይን ያን ያህል አይሸፍንም። በደንብ የሚሸፍኑት ድፍን ነገሮች ናቸው፦ የነፋስ ተርባይን ግንድ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሎ፣ የግድብ ግድግዳ፣ ታወሩ የተተከለበት ገደል።

እዚህ ላይ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የጂፒኤስ ምህዋር ከምድር ወገብ 55 ዲግሪ ያዘነበለ በመሆኑ በሰሜን አገሮች የሰሜኑ ሰማይ ሳተላይት የሌለው ባዶ ቦታ አለው። ስለዚህ በረጅም ሕንፃ ወይም ሲሎ ሰሜናዊ ፊት ላይ ስትሠሩ ደቡቡ በግንቡ ይሸፈናል፣ ሰሜኑ ደግሞ ከመጀመሪያውም ባዶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳተላይቶቹ በአናታችን ስለሚያልፉ የሰሜንና የደቡብ ፊት ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ነጸብራቅ ነው። የጂፒኤስ ዋና ሲግናል በ1575.42 ሜጋኸርዝ ይተላለፋል፤ የሞገዱ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የታወር ብረቶችና የአንቴና ሳጥኖች ስፋት ለዚህ ሞገድ የሚመች መስታወት ነው። ድሮኑ አንዱን ሲግናል በቀጥታ፣ ሌላውን ብረት ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ይቀበላል፤ የዘገየውን እንደ ረዘመ መንገድ ስለሚቆጥረው ቦታው በሜትሮች ይዘላል። የዚህኛው ክፋት መደበቁ ነው። የሳተላይት ቁጥሩ አይቀንስም፣ ማስጠንቀቂያም አይወጣም፤ ድሮኑ ትክክለኛ ቦታው ላይ ያለ እየመሰለው ወደ ብረቱ ይንሸራተታል።

ሦስተኛው ጩኸት ነው። ከሳተላይት የሚደርሰን ኃይል ከአንድ ዋት ሺህ ትሪሊዮንኛ እንኳ የማይሞላ ነው። ታወሩ ላይ ያለው የሞባይል አንቴና በአንጻሩ 20 ወይም 40 ዋት ይረጫል። በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ቢሆኑም ተቀባዩ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ እንደሚያዳምጥ ሰው ይሆናል። የሞባይል አንቴናዎች ጨረራቸውን የሚልኩት ወደ ጎን በመሆኑ መሬት ላይ ያለው ሁኔታ አያስፈራም፤ ድሮኑ አንቴናው ፊት ለፊት፣ በእኩል ከፍታ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚለወጠው። «ታች ሆኜ ሞክሬው ደህና ነበር» የሚለው ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛው ኮምፓሱ ነው፤ በእኔ እምነት ታወር አጠገብ «ጂፒኤስ» ተብሎ ከሚወቀሰው ብዙው የእሱ ጥፋት ነው። ጂፒኤስ ለድሮኑ የት እንዳለ ይነግረዋል፤ ፊቱ ወደየት እንደሆነ የሚነግረው ኮምፓሱ ነው። ብረቱ ኮምፓሱን በ60 ዲግሪ አዛባው እንበል። ነፋስ ድሮኑን ወደ ሰሜን አንድ ሜትር ይገፋዋል። ድሮኑ ወደ ደቡብ ልመለስ ብሎ ይነሳል፣ ግን የሱ «ደቡብ» ሌላ ቦታ ስለሆነ ወደ ጎን ይሄዳል። ያንን ሊያርም ሲል እንደገና ወደ ጎን ይሄዳል። ከውጭ የሚታየው እየሰፋና እየፈጠነ የሚሄድ ክብ ነው። ሳተላይቱ 20 ሆኖ፣ ኤችዶፑም ጥሩ ሆኖ ይህ ከመሆን አያግደውም።

አምስተኛ ልበለው፣ ከታወሩ ጋር የማይገናኝ ግን ታወሩ የሚወቀስበት የኛው አገር ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ በኩል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር፣ አዮኖስፌር የሚባለው፣ ይታመሳል፤ የሳተላይት ሲግናልም ይርገበገባል። ብሶ የሚታየው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት፣ በተለይም በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ በበረታባቸው ዓመታት ነው። ብዙ አብራሪዎች ኬፒ የሚባለውን የመግነጢስ ማዕበል መለኪያ አይተው «ዛሬ ዝቅተኛ ነው» ብለው ይነሳሉ። ለሰሜን አውሮፓ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ኬፒ 1 በሆነበት ሰላማዊ ቀንም ምሽቱ ሊታመስ ይችላል። የታወር ሥራ ጠዋት ይሠራ የምለው ከነፋሱ በተጨማሪ ለዚህ ነው።

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ስልካችሁ ቤይሩት አየር ማረፊያ ነኝ ሲላችሁ አይታችሁ ይሆናል። ያ ሆን ተብሎ የሚላክ የውሸት ሲግናል ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ቦታው በሜትር ሳይሆን በብዙ ኪሎ ሜትር ይዘላል፣ ከታወሩ ብትርቁም አይለቅም። ያኔ የሚስተካከል ነገር የለም፣ በረራውን መተው ነው።

ከቤት ሳትወጡ

1. ፈቃዱን ያዙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ማስገባትም ማብረርም ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ጉዳዩ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር እና በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። ታወርና የኃይል መስመር ደግሞ ጥበቃ የሚደረግላቸው ንብረቶች ስለሆኑ የባለቤቱ ደብዳቤ በእጃችሁ ይኑር። አሜሪካ ውስጥ በንግድ ፈቃድ ለምትሠሩ ከፍታው ከመሬት 400 ጫማ ነው፤ ከአንድ ግንባታ በ400 ጫማ ዙሪያ ከሆናችሁ ግን ከግንባታው ጫፍ በላይ እስከ 400 ጫማ ድረስ ይፈቀዳል። ለታወር ፍተሻ የሚጠቅመው ይህ ድንጋጌ ነው።

2. ድሮናችሁ ሳተላይት ሲያጣ ምን እንደሚሆን እወቁ። አብዛኞቹ የዲጄአይ ድሮኖች ወደ አቲ ሞድ ይወድቃሉ። ከፍታውን በባሮሜትር ይይዛሉ፣ ሚዛናቸውንም ይጠብቃሉ፣ ባሉበት መቆምን ግን ይረሳሉ፤ ነፋሱ ወዳሻው ይወስዳቸዋል፣ መሰናክል ላይ ብሬክ መያዙም ይቀራል። ፋንተም 4 ፕሮን የመሰሉ ሪሞቶች ላይ አቲን በማብሪያ ትመርጡታላችሁ፤ እነ ማትሪስ 300 እና 350 ላይም ማብሪያውን ለዚሁ ማዘጋጀት ይቻላል። ትንንሾቹ ማቪኮች ላይ ግን ምርጫው የለም፣ ሳይጠራ ራሱ ይመጣል። በአርዱፓይለት የበረራ ሶፍትዌር የምትሠሩ ደግሞ የኢኬኤፍ ፌልሴፉን፣ ማለትም ድሮኑ ቦታውን ማስላት ሲያቅተው የሚወስደውን እርምጃ፣ ተመልከቱት፦ ሲገጠም የሚመጣው ቅንብር ባለበት እንዲያርፍ ያዘዋል። ታወር መሐል ሆኖ ባለበት ማረፍ ብረት ላይ ማረፍ ስለሆነ ከፍታውን ብቻ ወደሚይዘው አልቲትዩድ ሆልድ ቀይሩት።

3. ያለ ጂፒኤስ ማብረር ተለማመዱ። የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ቀለል ሲል፣ በ20 ሜትር ከፍታ አቲን አብሩና ድሮኑን አንድ ቦታ ላይ ለማቆም ሞክሩ። የምታስተውሉት የመጀመሪያው ነገር ስቲክ መልቀቅ ማቆሚያ አለመሆኑን ነው። ወደፊት ይሄድ የነበረ ድሮን ስቲኩ ሲለቀቅ መሄዱን ይቀጥላል፤ ለማቆም ስቲኩን ለአፍታ ወደኋላ መሳብና መልሶ መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህን ፊቱ ከእናንተ ሲርቅ፣ ከዚያ ወደ ጎን ሲዞር፣ በመጨረሻም ወደ እናንተ ሲያይ ተለማመዱት። ወደ እናንተ ሲያይ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያኔ ነው። ድሮናችሁ የአቲ ማብሪያ ከሌለው በሲሙሌተር ወይም ጂፒኤስ በሌለው ርካሽ ድሮን ልመዱ። የጂፒኤሱን ቦታ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናችሁ ልመዱ የሚሉ አሉ፤ አልመክርም፣ ፎይሉ ሲነቃነቅ ሲግናሉ እየሄደ እየመጣ ድሮኑን ያስደነብረዋል።

4. የጫናችሁትን ዕቃ ፈትሹ። ድሮኑ ላይ የታሰረ ተጨማሪ ካሜራ፣ የቪዲዮ ማስተላለፊያ ወይም ሲም ካርድ ያለው መከታተያ ከጂፒኤስ አንቴናው አጠገብ ከሆነ ጩኸቱ ከራሳችሁ ነው። ሜዳ ላይ ዕቃውን አጥፍታችሁ የሳተላይቱን ቁጥር እዩ፣ አብርታችሁ እንደገና እዩ። ከቀነሰ ዕቃውን አርቁት።

ቦታው ላይ ስትደርሱ

5. ድሮኑን ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ ስልክ ላይ እያንዳንዱን ሳተላይት ከነጥንካሬው የሚያሳዩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ሜዳ ላይ ጥሩ ሲግናል 40 ዴሲቤል-ኸርዝ አካባቢ ያሳያል፤ ከ30 በታች ደካማ ነው። ከታወሩ 50 ሜትር ርቃችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ሥሩ እየሄዳችሁ ተመልከቱ። በታወሩ በኩል ያሉት ብቻ ከደከሙ ሰማዩ ነው የተሸፈነው። ሁሉም በአንድነት ከወረዱ ጩኸት ነው። አንዳንዶቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ከተንቀጠቀጡ ነጸብራቅ ጠርጥሩ። ስልክ የድሮንን ያህል ጥሩ አንቴና የለውም፣ ድሮኑ የሚወጣበት ከፍታ ላይ ያለውንም አያይም፤ ቢሆንም በሁለት ደቂቃ ይህን ያህል የሚናገር ሌላ መሣሪያ አላገኘሁም።

6. የመነሻ ቦታ ምረጡ። ከታወሩ ቢያንስ ቁመቱን ያህል ራቁ፤ ሰማዩ የተከፈተ፣ ከሥሩ ብረት የሌለበት ይሁን። ብዙ ጣቢያዎች ላይ ጥበቃ አለ፤ ሰውየው በደግነት «ልጄ፣ እዚህ ሲሚንቶው ላይ አድርጋት፣ አቧራ የለውም» ይላችኋል። «ጋሼ፣ ከሥሩ ፌሮ አለበት፣ ኮምፓሷን ያስትብናል» በሉና የድሮኑን ሳጥን ሣሩ ላይ አስቀምጡ። የፒክአፕ ኮፈን፣ የጄኔሬተር ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአጥር ጥግ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ሳጥኑ ራሱ የብረት ማጠፊያ ካለው ደግሞ ክዳኑ ላይ አታስነሱ።

7. ኮምፓስ ካሊብሬት የምታደርጉት ድሮኑ ሲጠይቅ ወይም ሩቅ አገር አቋርጣችሁ ስትመጡ ብቻ ነው፤ እሱንም ከታወሩ ርቃችሁ፣ ስልክና ቁልፍ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ። ታወሩ ሥር ቆሞ «ኮምፓስ ተረብሿል» ሲል ካሊብሬት ማድረግ የብረቱን ተጽዕኖ እንደ ትክክለኛ ሰሜን ማስተማር ነው። ስትርቁ የባሰ ይሳሳታል። የሚሻለው ከቦታው ማንሳት ነው።

8. ጠብቁ። ድሮኑ ከመጨረሻው በረራ ወዲህ ብዙ ርቀት ከተጓዘ የሳተላይቶቹን ሙሉ ሰንጠረዥ እንደገና ማውረድ ሊኖርበት ይችላል፤ የጂፒኤስ ሙሉ መልእክት ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሆም ፖይንት (የመመለሻው ነጥብ) ተመዘገበ የሚለውን ድምፅ ሳትሰሙ፣ ካርታው ላይም ምልክቱ እውነተኛው ቦታችሁ ላይ መሆኑን ሳታዩ አትነሱ። የእኔ ደንብ ከ14 ሳተላይት በታች አለመነሳት ነው፤ ክፍት ሜዳ ላይ ይህን ካላገኛችሁ ታወሩ ጋ ምን ሊተርፋችሁ ነው?

9. 10 ሜትር ላይ አቁሙና ስቲኩን ልቀቁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቦታውን ይጠብቅ እንደሆነ እዩ። ከዚያ በቀስታ ባለበት ሙሉ ዙር አዙሩት። ሲዞር ከመሐል እየወጣ ክብ ከሠራ ኮምፓሱ ታሟል፤ አውርዱት። ይህ ፍተሻ ሜዳ ላይ ምንም አያስከፍልም።

አርቲኤች፦ የሚያድነውም የሚሰብረውም

ሰው ሲደነግጥ ጣቱ የሚሮጠው ወደ መመለሻው ቁልፍ ነው። ታወር አጠገብ ግን ይህ ቁልፍ ሦስት ነገሮችን እውነት አድርጎ ይነሳል፦ ቦታዬን አውቃለሁ፣ ፊቴ ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከላዬ ክፍት ነው። ሦስቱም ሊሳሳቱ የሚችሉት ደግሞ በዚያችው ሰዓት ነው። ኮምፓሱ የተዛባበት ድሮን «ወደ ቤት» ሲል ወደ ብረቱ ሊሄድ ይችላል። ቦታውን የማያውቅ ድሮን ከነአካቴው አይመለስም። ደህናውም ቢሆን መጀመሪያ ወደ ተቀመጠለት ከፍታ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከአንቴና መድረክ ሥር ወይም ታወሩን ወጥረው ከያዙት የብረት ገመዶች መሐል ከሆነ የሚወጣው ወደ ብረት ነው።

ስለዚህ የመመለሻ ከፍታውን ከታወሩ ጫፍ 30 ሜትር በላይ አድርጉት፤ ታወሩ በኮረብታ አናት ላይ ካለና እናንተ ከሥር ከሆናችሁ የኮረብታውን ልዩነት ጨምሩ፤ ድሮኑ ከፍታ የሚቆጥረው ከመነሻው ነው። የሪሞት ግንኙነት ሲቋረጥ የሚያደርገውን ደግሞ እንደ ሥራው ምረጡ። ከታወሩ ውጪ፣ ከላይ ክፍት በሆነበት የምትሠሩ ከሆነ መመለስ ይሁን። ወጣሪ ገመዶች ባሉበት ግን ባለበት መቆም ይሻላል፤ ወደ ድሮኑ ተራምዳችሁ ግንኙነቱን መልሳችሁ ትይዛላችሁ። ከበረራ በፊት ከረዳታችሁ ጋር ተስማሙ፦ ታወር አጠገብ ችግር ቢመጣ ቁልፉ አይነካም፣ መጀመሪያ በእጅ ከብረቱ መራቅ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን።

አቀራረብ

10. ነፋሱ ከታወሩ ወደ ድሮኑ በሚነፍስበት ወገን ሁኑ። አቲ ውስጥ ቢወድቅ ነፋሱ ራሱ ያርቀዋል። በሌላኛው ፊት መሥራት ግድ ከሆነ ርቀቱን እጥፍ አድርጉ ወይም ነፋሱ እስኪዞር ተዉት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በሚበረታባቸው ቦታዎች ሥራውን ከረፋዱ በፊት ጨርሱ። ከፍ ባሉ ቦታዎች አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ነፋስን የሚታገልበት ትርፍ ጉልበትም ይቀንሳል፤ ባሕር ጠለል ላይ የተሞከረ ድሮን እንጦጦ ላይ ያው አይደለም።

11. ራሳችሁ ከታወሩ ሥር አትቁሙ። ከታች ወደ ላይ ስታዩ በድሮኑና በብረቱ መሐል ያለው ክፍተት አይታይም። ረዳታችሁን ከእናንተ በ90 ዲግሪ አቁሙት፤ ክፍተቱን ከጎን የሚያየው እሱ ነው። የሚናገረውም ቁጥር ብቻ ይሁን፦ «ስምንት… ስድስት… ስድስት…»። «ተጠንቀቅ!» የሚል ጩኸት ለጣት አይጠቅምም፤ ወዴት እንደሆነ አይናገርማ።

12. በአንድ ጊዜ አትጠጉ። 20 ሜትር ላይ ቁሙ፣ ስቲኩን ልቀቁ፣ ቁጠሩ። 15 ላይ እንደዚያው። 10 ላይ እንደዚያው። በየርቀቱ የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ ቦታውን ይይዛል ወይ፣ የሳተላይቱ ቁጥር ስንት ወረደ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፊቱ አቅጣጫ ካሜራው ከሚያሳየው ጋር ይስማማል ወይ። ሦስተኛውን ብዙዎች አያዩትም። ድሮኑ ታወሩን እያየ ሳለ ካርታው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሌላ ካመለከተ ክቡ ከመጀመሩ በፊት ኮምፓሱን ያዛችሁት ማለት ነው። የመጀመሪያው ምልክት የታየበትን ርቀት ያዙና 5 ሜትር ጨምሩበት፤ የዕለቱ ድንበራችሁ እሱ ነው። ዝርዝሩን በዙም ካሜራ ጨርሱ። ለ2 ሜትር ቅርበት ሲባል የሚጠፋ ድሮን ዋጋው ብዙ ነው።

13. ወደ ላይና ወደ ታች ሥሩ፣ ታወሩን አትዙሩ። አንዱን ፊት ከታች እስከ ላይ ጨርሳችሁ ራቁ፣ ወደሚቀጥለው ፊት ከሩቅ ዞራችሁ ግቡ። ራሱ የሚዞርበትን ሞድ አትጠቀሙ፤ ክቡን የሚሠራው በዚያው በሚያጠራጥረው ጂፒኤስ ነው። የአንቴናዎቹን ፊት በእኩል ከፍታ ስታልፉ አትቁሙ፣ ፎቶውን ከትንሽ በላይ ወይም በታች ሆናችሁ አንሱ። የድሮኑ መሰናክል መለያ ቀጭን ሽቦና ገመድ አያይም፤ በደካማ ብርሃንም አይሠራም። እሱን ተማምናችሁ ወጣሪ ገመዶች መሐል አትግቡ።

ሲበላሽ

ድሮኑ 10 ሜትር ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። አብራሪው ወደ ግራ ያርመዋል። ድሮኑ ያልፍና ወደፊት፣ ወደ ብረቱ ያጋድላል። አሁን ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ይህ ነው።

ጋዙን፣ ማለትም ከፍታውን የሚይዘውን ስቲክ አትንኩ፤ ባሮሜትሩ ደህና ነው፣ ከፍታውን ይይዝላችኋል። የአቲ ማብሪያ ካለ ወደዚያ ቀይሩ፤ ክብ የሚሠራ ድሮን በዚያችው ቅጽበት ክቡን ያቆማል፣ ምክንያቱም ሊያርም የሚሞክረው ቦታ የለውም። ማብሪያ ከሌለ ስቲኩን ወደኋላ ይዛችሁ አትልቀቁ፤ ስትለቁ ቁመህ ጠብቅ ያላችሁት ስለሚመስለው ወደ ክቡ ይመለሳል። ፊቱ ወደ ታወሩ ስለሆነ «ወደኋላ» ማለት መራቅ ነው፤ ታወር ላይ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ብረቱ አድርጋችሁ የምትሠሩትም ለዚህች ሰከንድ ነው። ካርታውን አታንብቡ፣ ዓይናችሁ ድሮኑ ላይ ይሁን። አፍንጫውን አታዙሩ። 30 ሜትር ሲርቅ ሳተላይቱና ኮምፓሱ ራሳቸው መመለስ ይጀምራሉ። ቢመለሱም ያንኑ በረራ አትቀጥሉ፤ አውርዳችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። ካልተመለሱ ነፋሱን እያረማችሁ በእጅ አሳርፉት፣ መነሻው ላይ ካልሆነም ክፍት የሆነ ማንኛውም ሣር ላይ።

የኃይል መስመር ለብቻው

ተራው የመብራት መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚገላበጥ ጅረት ነው። መግነጢሱም አብሮት ስለሚገላበጥ ኮምፓሱ ላይ በአማካይ ብዙ አይጎትትም፤ እዚያ ይበልጥ የሚያዛባው የምሰሶው ብረት ነው። የቀጥታ ጅረት መስመር ግን ሌላ ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም የተሠራ ነው። በሙሉ ጭነት በእያንዳንዱ ወገን 2,000 አምፔር ገደማ ያልፋል ማለት ነው። ከአንዱ ሽቦ በ10 ሜትር ርቀት ይህ 40 ማይክሮቴስላ መግነጢስ ይፈጥራል፤ የምድራችን የራሷ መግነጢስ እዚህ አገር 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው። ሰሜንን የሚያሳየው ሽቦው ነው እንግዲህ። በ20 ሜትር ግማሽ ይሆናል፣ ጭነቱ ሲቀንስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትናንት ያለ ችግር ያለፋችሁበት ነጥብ ዛሬ ሊያስታችሁ የሚችለውም ለዚህ ነው፤ የዕለቱን ጭነት ከመስመሩ ተቆጣጣሪ ጠይቁ። ከሽቦው መራቅ ያለባችሁን ርቀት የሚወስነው ባለቤቱ እንጂ ድሮናችሁ አይደለም።

እንዲህ ላለ ሥራ ገንዘብ ካላችሁ እንደ ማትሪስ 350 ያሉ፣ ሁለት የአርቲኬ (በመሬት ጣቢያ እርማት ቦታን በሴንቲ ሜትር የሚያጠራ ሥርዓት) አንቴና የተሸከሙ ድሮኖች ይመረጣሉ። አቅጣጫቸውን ከሁለቱ አንቴናዎች ልዩነት ስለሚያሰሉ አርቲኬው እስከሠራ ድረስ ኮምፓስ ቢዛባም አይስቱም። ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ላይ የሚገጠመው አርቲኬ ባለ አንድ አንቴና ነው፤ ቦታን በሴንቲ ሜትር ያጠራል፣ አቅጣጫን ግን አይረዳም። «አርቲኬ አለኝ» ብላችሁ ከመጠጋታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ። አርቲኬ ነጸብራቅንም አይፈውስም። ብረት አጠገብ ከፊክስ (ከጠራው ስሌት) ወደ ፍሎት (ወደ ግምታዊው) ይወርዳል፣ ሲመለስ ድሮኑ ድንገት ይዘላል። ሁለቱ መሐል የሚመላለስ ከሆነ ለቅርብ ሥራው አጥፍታችሁ ብትሠሩ ይሻላል። የመሬት ጣቢያውንም ታወሩ ሥር አትትከሉት፤ እሱም ሰማይ ይፈልጋል።

ከበረራ በኋላ

የበረራ መዝገቡን ሳትሰርዙ ክፈቱት። በከፍታ ተርታ ሦስት መስመር ተመልከቱ፦ የሳተላይት ቁጥር፣ የመግነጢሱ ጠቅላላ መጠን፣ የአቅጣጫ ንባብ። መግነጢሱ ሳይለወጥ ሳተላይቱ ከወረደ ሰማይ ወይም ጩኸት ነው። በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ከወረደና እዚያ አንቴና ካለ ጩኸት። ሳተላይቱ ሳይነካ መግነጢሱ ከዘለለ ብረት ወይም ጅረት። ሁለቱም ደህና ሆነው ቦታው ከሄደ ነጸብራቅ። ከዚያ በታወሩ መለያ ቁጥር አንድ አጭር ማስታወሻ ጻፉ፦ በየትኛው ፊት፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ከስንት ሜትር ርቀት ጀምሮ፣ በስንት ሰዓት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች አሰላለፍ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይደገማልና፣ ዛሬ 3 ሰዓት ላይ መጥፎ የነበረ ፊት ነገም ከ4 ደቂቃ ቀድሞ መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ያን ፊት ወደ 5 ሰዓት ግፉት። ማስታወሻውን ለሚቀጥለው አብራሪ ስትሰጡ የድሮኑን ዓይነትና የጫናችሁትን ዕቃም ጨምሩበት፣ አለዚያ ቁጥሮቹ ለእሱ አይሠሩም።